አርባ ጊዜ የተጠቀሰ ስህተት

በሰባ ስምንት ዓ.ም. ጥር ላይ ከአዲስ አበባ የመጣው ሰርኩላር ሁለት ገጽ ነበር፤ ፉፋ ቀነዓን ያሳመመችው ግን ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ያለች አንዲት መስመር ነች። «የተጠቃሽነት መጠናቸው ከአሥር በታች የሆኑ ክፍሎች ይታጠፋሉ፤ ባለሙያዎቻቸውም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይዛወራሉ» ትላለች። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መቼም ክፉ ነገር ሲይዝ ግርጌ ላይ ነው የሚሸሽገው።

ፉፋ የቦሎቄ ሰው ነው። ከናዝሬት ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አዋሽን ሳይሻገሩ፣ ስለ እህል አቀማመጥ የምታጠና አንዲት ትንሽ የምርምር ጣቢያ ነበረች፤ የአካባቢው ሰው «ጎተራው» ይላታል። ፉፋ እዚያ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ሲጠይቅ ኖሯል፦ ቦሎቄ ጎተራ ከገባ በኋላ ነቀዝ እንዳይበላው ምን ይደረግ? ባለቤቱ የሺዓለም ናዝሬት ውስጥ አስተማሪ ነች። ሰርግ ቤት ገብቶ እንኳ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው «እቤት ያለው እህልዎ ነቅዟል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል እያለች ትስቅበታለች። እውነቷን ነው፤ ይጠይቃል።

ተጠቃሽነት የሚባለው ምን እንደሆነ ለጣቢያዋ ሰዎች ያስረዳችው ሮማነወርቅ ናት። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ በእንግሊዝኛ የምትታተመው የቀጭኗ መጽሔት አዘጋጅ፣ በስቴንስል አባዥዋም እሷው ነች። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ የሚወጣ፣ ውፍረቱ ትራስ የሚያክል፣ ፊደሉ ከጤፍ ያነሰ መጽሐፍ አለ አለቻቸው። አንድ ተመራማሪ ሲጽፍ «እገሌ ከዚህ በፊት እንዲህ ብሏል» እያለ የሌላውን ሥራ ይጠቅሳል፤ ያ መጽሐፍ ደግሞ ይህን ሁሉ ለቅሞ ማን ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ በስም ይዘረዝራል። ብዙ ጊዜ የተጠቀሰ ሥራው ለሌላው ጠቅሟል ማለት ነው፤ ያልተጠቀሰ ግን ራሱ ጽፎ ራሱ አንብቧል።

«ለቀብር የመጣ ሰው እንደ መቁጠር ነው በይኛ» አለ ፉፋ።

እንደዚያው ነው፣ ልዩነቱ ሳይሞቱ መቆጠሩ ነው አለችው ሮማነወርቅ። መጽሐፉ የሚገኘው አዲስ አበባ በመሆኑ፣ ለጣቢያዋ አምስቱም ክፍሎች ቆጥራ እንድትመጣ ተወሰነ። ፉፋ እሷን ሳይጠብቅ በልቡ ራሱን ቆጠረ። አንድ ናይሮቢ ያለ ሰው በአንድ ወቅት ደብዳቤ ጽፎለት ነበር፤ እሱ ምናልባት ጠቅሶት ይሆናል። አንድ። ከዚያ ወዲያ አልሄደለትም።

ፈራ። አዲስ አበባ ሄዶ ማኅተም ሲመታ መዋል ታየው። የሺዓለም ሃያ ዓመት ያስተማረችበትን ትምህርት ቤት ጥላ ልትከተለው ነው፤ ካልሆነም ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ የሚመጣ ባል ሊሆን ነው። ከሁሉም በላይ የቆጨው ግን ክፍሉ ነው፤ እነዚያ በማርማላታ ጠርሙስ የተሞሉ ሦስት መደርደሪያዎች፣ በያንዳንዱ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ኪሎ ቦሎቄ። የማሽላው ክፍል ሰብስቤ፣ ከውጭ ከተመለሰ ገና ሦስት ዓመቱ የሆነ ወጣት፣ ክፍሉን በእርምጃ መለካት ጀምሮ ነበር። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ቦታ ጠቦታል። ግን አንድ ቀን ገባና «ጋሽ ፉፋ፣ ይሄ መደርደሪያ ሲነቀል ግድግዳውን ይጎዳው ይሆን?» ብሎ ጠየቀው። ፉፋ እንደማይጎዳው ነገረው፤ ምሳውን ግን አልበላም።

ሮማነወርቅ በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች። ሁሉንም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰብስባ ከደብተሯ ላይ አነበበችላቸው። ሰብስቤ አሥራ ሁለት። ሰብስቤ ፈገግ ሲል፣ ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙን የጠቀሰው ራሱ ሰብስቤ መሆኑን ጨመረችበት፤ የሚሞላው ቅጽ ግን ይህን አይከለክልም አለች። ሌሎቹም ከአሥሩ ትንሽ እልፍ እያሉ ተረፉ። በመጨረሻ የፉፋን አነበበች።

«አርባ አንድ።»

ፉፋ ሌላ ፉፋ ይኖራል አለ። ሮማነወርቅ ሁለት ጊዜ አመሳክራለች፤ ሌላ ፉፋ የለም። አንዱ የናይሮቢው ሰውዬ ነው። አርባዎቹ ግን በሙሉ የጠቀሱት አንድ ጽሑፍ ነው።

«የትኛውን?»

«የአመዱን» አለችው።

ሰብስቤ ሳቁን መያዝ አቃተው። ፉፋ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ የዓለም ሕዝብ ተሰልፎ ሲስቅበት ታየው።

የአመዱ ነገር እንዲህ ነው። በስልሳ ዘጠኝ ዓ.ም. ፉፋ ቦሎቄን ከተነፋ አመድ ጋር ቀላቅሎ ጠርሙስ ውስጥ አስቀመጠ። አመድ የሌለባቸውን ማወዳደሪያ ጠርሙሶች ቦታ ስለጠበበው ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ እጅ ከማይደርስበት ሰቀላቸው። የላይኞቹ ነቀዙ፤ አመድ ያለባቸው ግን አንድም ቀዳዳ አልወጣባቸውም። ደስታው ወደር አልነበረውም። ሁሩታ ድረስ ሄዶ ለገበሬ ማኅበራቱ «አመድ ቀላቅሉ» ብሎ ሰበከ። ሰሙት። በዓመቱ አንዲት ጉዲቱ የምትባል ባለ ትዳር ከሁሩታ አንድ ከረጢት ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው፤ ከረጢቱ ውስጥ የነበረው ቦሎቄ ሳይሆን ዱቄትና ነቀዝ ነበር። አልተሳደበችም። «የመከሩን ነገር ይኸውልዎ» ብላ ብቻ ከረጢቷን አጥፋ ሄደች። ስድብ በስንት ጣዕሙ!

ፉፋ ግራ ገባው። የራሱ ጠርሙሶች ንጹሕ ናቸው፤ የገበሬው ጎተራ ነቅዟል። አመዱ አንድ፣ ቦሎቄው አንድ፣ ነቀዙም አንድ። ሁለት ዓመት ሙሉ አሰበ። በሰባ ሁለት ዓ.ም. ደግሞ ያልጠበቀው መጣ፤ የራሱ ጠርሙሶች ከነአመዳቸው ነቀዙ። ምንም አልቀየረም፤ ሙቀቱም ያው፣ አመዱም ያው። የተቀየረ ነገር ፍለጋ ያልጠየቀው ሰው አልነበረም፤ በመጨረሻ ሲቸግረው የክፍሉን ጽዳት ሠራተኛ ጫልቱ ገመዳን ጠየቃት።

ጫልቱ የተቀየረውን ታውቅ ነበር። ድሮ በየማለዳው መደርደሪያውን በጨርቅ ስትወለውል ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አንስታ፣ ገልብጣ ቂጣቸውን ጠርጋ ነበር የምትመልሳቸው፤ የሚቀሩት እጇ የማይደርስባቸው የላይኞቹ ብቻ ናቸው። ከዚያ ቀበሌው ውስጥ መሠረተ ትምህርት ተማረች። ምስክር ወረቀቷን በተቀበለች በሳምንቱ መደርደሪያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበች፦ «ጠርሙሶቹን መንካት ክልክል ነው»። አፍራና ደንግጣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እጇን ሰበሰበች። ዙሪያውን ብቻ መጥረግ ያዘች።

ለካ ቦሎቄውን ሲጠብቅ የኖረው አመዱ ሳይሆን ጫልቱ ነበረች። የነቀዝ ትል ፍሬውን ቀድዶ ለመግባት አንድ ቀን ሙሉ አንድ ቦታ ተደግፎ መቦርቦር አለበት። በየማለዳው ከገለበጡት ቀዳዳው ይጠፋበታል፤ እንደገና ይጀምራል፤ እንደገና ይገለበጣል፤ በመጨረሻ ደክሞት ይሞታል።

ይህ የታወቀው ደግሞ ጣቢያዋ ውስጥ በየሐሙሱ ሂስና ግለ ሂስ በሚደረግበት ጊዜ ነው። ሰው ተራ በተራ ተነስቶ ጥፋቱን ይናገራል፤ ሁሉም ብልጥ ስለሆነ የማይጎዳውን ጥፋት ይመርጣል። አንዱ ስብሰባ አርፍጄ ነበር ይላል፤ ሌላው የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ ታይቶብኛል ይላል፤ ይጨበጨብና ይቀመጣል። ፉፋ ግን የምሩን ወሰደው። ተነስቶ ስለ አመድ፣ ስለ ሁሩታ ገበሬዎችና ስለ ራሱ ድንቁርና አርባ ደቂቃ ተናገረ። ካድሬው እንዲህ ያለ ግለ ሂስ ገጥሞት ስለማያውቅ ቢጨንቀው «በጽሑፍ ይቅረብ» አለ። ፉፋም በጽሑፍ አቀረበ። ሮማነወርቅ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጽሔቷ ላይ ሁለት ገጽ ጎድሎባት ስለነበር ተርጉማ አስገባችው። መጽሔቷ እንደ ልማዷ ለውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት በፖስታ ሄደች። ፉፋ ግን ያቺን እትም እንኳን ሊያነባት ሊያያትም አልፈለገም።

«እየሳቁብኝ ነው አይደል?» አላት አሁን።

ሮማነወርቅ ፎቶ ኮፒ ያስደረገቻቸውን ሦስት ጽሑፎች ፊቱ አስቀመጠች። አንዱ ከኮሎምቢያ ነው፤ እዚያ ያሉ ገበሬዎች የቦሎቄ ጆንያቸውን ጠዋት ጠዋት መሬት ላይ እንዲያንከባልሉ መክረው፣ ነቀዙ ያለ መድኃኒት ጠፍቷል ይላል። ሁለተኛው ከዩጋንዳ ነው። ሦስተኛው ትሉ ስንት ጊዜ ቢገለበጥ እንደሚሞት ቆጥሯል። ሁሉም «ፉፋ እንዳስተዋለው» ብለው ይጀምራሉ። የሳቀ የለም።

ፉፋ ሦስቱንም ቀስ ብሎ አነበበ። ደስ አለው፤ ጆሮው እስኪሞቅ ደስ አለው። ደስታው ግን አንድ ብርጭቆ ውኃ እስኪጠጣ እንኳ ሳይቆይለት ሌላ ነገር መጣበት። ፉፋ እንዳስተዋለው? ፉፋ ምን አስተዋለ? ግለ ሂሱ ውስጥ የጻፈው «ጠርሙሶቹ በጽዳት ምክንያት ይገለበጡ ነበር» ብሎ ነው። ያጸዳችውን ሴት ስም አላነሳም። ያኔ ክልክሉን ነክታለች ተብላ እንዳትቀጣ መስሎት ነበር፤ አሁን ሲያስበው ግን ግማሹ ለሷ ማዘን፣ ግማሹ አለማሰብ ነበር።

ሰርኩላሩን የሚያስፈጽመው የምዘና ኮሚቴ በሳምንቱ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው። ፉፋ የጫልቱን ነገር ለኮሚቴው ሊናገር ማሰቡን ለሰብስቤ ቢነግረው ልጁ ከልቡ መከረው፤ ክፍሉን የመመኘቱ ነገር እንኳ ተረሳው። ቅጹ ቁጥር ነው የሚጠይቀው፣ አርባ አንድ ብለው ጽፈው ዝም ይበሉ፤ የጽዳት ሠራተኛ ነች ያገኘችው ቢሉ አርባውም ይሰረዛል፣ እርስዎም አዲስ አበባ ይገባሉ አለው። ሮማነወርቅም ሰብስቤ ልክ ነው አለች። የሺዓለም ብቻ ባሏን ስለምታውቀው ሸሚዙን ተኮሰችለት።

ፉፋ መጀመሪያ ራሷን መጠየቅ አለብኝ ብሎ በማለዳ ጫልቱ ጋ ሄደ። ጨርቋን እየጨመቀች ነበር። «አካም ቡልቴ፣ ጫልቱ» ብሎ በሰላምታ ጀመረ፤ እንደ ልማዳቸው በኦሮምኛ አወሩ። የጠርሙሱን ነገር ሲያነሳ ፊቷ ተለወጠ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺን ጥፋቴን አልረሷትም ወይ አለችው። ጥፋት እንዳልሆነ፣ ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች የሷን አገላበጥ እየተከተሉ እንደሆነ አስረዳት። ለማመን ጊዜ ወሰደባት። በመጨረሻ ይንገሯቸው አለች፤ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፦ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ጠርሙስ እንዳልሰበረች አብሮ እንዲነግርላት።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሰብሳቢው ጓድ አብተው የሚባል፣ መነጽሩን በየደቂቃው የሚወለውል ወፍራም ሰው። የፉፋ ተራ ሲደርስ አርባ አንድ የሚለውን አይቶ መነጽሩን እንደገና ወለወለው። ከሁሉም ክፍሎች የበለጠ ነው ብሎ ሊያመሰግነው ሲጀምር ፉፋ አቋረጠውና ሁሉንም ተናገረ፤ አመዱን፣ የገበሬዎቹን ጎተራ፣ ጫልቱን። ጠርሙስ አለመስበሯንም አልረሳም።

ጓድ አብተው እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ እርሳሱን አነሳ።

«እንግዲህ ጓድ ፉፋ፣ አርባው የሴትዮዋ ከሆነ የእርስዎ አንድ ነው። አንድ ደግሞ ከአሥር በታች ነው።»

ሰብስቤ ከኋላ ተነፈሰ። ፉፋ ሰርኩላሩን ከኪሱ አወጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱም ወረቀቱን የሙጥኝ አለ።

«ይሄ የሚለው ‹ክፍሎች› ነው። ጫልቱ የቦሎቄ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ስሟ በክፍሉ መዝገብ አለ። የእኔን አንድ ከሷ አርባ ጋር ይደምሩት። ከፈለጋችሁ እኔን ውሰዱኝ፤ ክፍሉን ግን መዝጋት አትችሉም።»

 ክፍሉን አድኖ ራሱን ሊያስወስድ እንደሚችል ገብቶታል። ጓድ አብተው ሴትዮዋ ትጠራ አለ። ጫልቱ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እያበሰች ገባች። ለምን ነበር ጠርሙሱን የምትገለብጪው ሲላት፣ ጠርሙስ ቂጡ አቧራ ይይዛል አለችው። ለምን ተውሽው ታዲያ?

«ማንበብ ቻልኩዋ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ጓድ አብተው ግን አልሳቀም። የዘመቻው ጊዜ አርሲ ውስጥ የመሠረተ ትምህርት አስተባባሪ ሆኖ ሦስት ዓመት ደክሟል፤ ለካ ያ ድካም ነቀዝም አስገኝቷል። ጎንበስ ብሎ ጻፈ፣ ጻፈ፣ ገጹን ገልብጦ ጻፈ። ሮማነወርቅ በኋላ ሪፖርቱን ስትተይብ እንዳየችው፣ «የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለእህል ጥበቃ ሳይንስ ያበረከተው አስተዋጽኦ» የሚል ርእስ ሰጥቶታል። ክፍሉ ይቀጥላል፣ ኃላፊውም ባለበት ይቆያል ብሎ ፈረመ። በዚያ አገር በዚያ ዘመን ሰው የሚተርፍበት መንገድ ብዙ ነው፤ ይህም አንዱ ሆነ። ፉፋ ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ምሳና እራቱን አንድ ላይ በላ።

ከዚያ በኋላ ፉፋና ጫልቱ አንድ ዓመት ሙሉ ጠርሙስ ገለበጡ። አንዱን መደርደሪያ በየቀኑ፣ አንዱን በየሁለት ቀኑ፣ አንዱን በየሳምንቱ። ውጤቱ ተጻፈ። ያ የአሜሪካ መጽሐፍ የሚይዘው መጀመሪያ የተጻፈውን ስም ብቻ ነው ብላ ሮማነወርቅ ስለነገረችው፣ ፉፋ የጫልቱን ስም አስቀድሞ የራሱን አስከተለ። አይቆጭዎትም ወይ አለችው። ትንሽ ይቆጨኛል አላት፤ ሐሰት መናገር አይወድም።

በሰማንያ ዓ.ም. ሮማነወርቅ አዲስ አበባ ደርሳ መጣች። ፉፋ ወረቀቱን ከእጇ ነጥቆ ጫልቱን ፍለጋ ወጣ፤ ደጅ መስኮት ስታጸዳ አገኛት። አንዲት ቀጭን መስመር አሳያት። ፈረንጆቹ የአባቷን ስም አስቀድመው «ገመዳ» ብለው መዝግበዋታል። ጫልቱ ጣቷን ከመስመሩ በታች አድርጋ ቃል በቃል ተከተለችው፤ ፊደሉ የፈረንጅ ስለሆነ ፉፋ አነበበላት።

«ስንት ሰው ነው የጠቀሰኝ?» አለችው።

«አንድ።»

«ማነው እሱ?»

«እኔ ነኝ» አለ ፉፋ።

ጫልቱ መስኮቱን ተደግፋ እስኪደክማት ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ብድር በምድር ነው፣ እኔም እጠቅስዎታለሁ አለችው። ፉፋ ቀልድ መሰለው።

ቀልድ አልነበረም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ጫልቱ ከልጆቿ ደብተር የተቀደደ አንድ ወረቀት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በፀሐይ ፊት ያሉትና በጥላው ያሉት ጠርሙሶች ነቀዛቸው እኩል እንዳልሆነ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታይ ኖራ አሁን ጽፋዋለች። ፊደሎቹ ትላልቅ፣ ተራርቀው የቆሙ፣ አንዳንዱ ወደ ግራ ያዘነበለ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «አቶ ፉፋ ቀነዓ በ1969 ዓ.ም. አመድ ነው ብለው ተሳስተው ነበር።»

ፉፋ ሁለት ጊዜ አነበበው። ተነስቶ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆመና ሮማነወርቅን ጠራት።

«የእኔ ስንት ደርሶ ነበር?»

ደብተሯን ገልጣ አየች። ሃምሳ ሦስት አለችው።

«ሃምሳ አራት በይው» አለና፣ የጫልቱን ወረቀት ለመጽሔቷ እንድትተረጉመው በሁለት እጁ ሰጣት።